የካውያው ውሃ

«አንዲት ቅጠል ማቆየት ያቃታት ሴት፣ ጨቅላ ልትይዝልን ነው?»

እንዲህ ያሉት የእታበባ ወንድም አማት ናቸው። ማንም እንዲሰማ ብለው አይደለም፤ ወጥ ቤት ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለአማቻቸው ብቻ የተናገሩት ነው። የቤቱ ግድግዳ ግን ስስ ነው፤ በአንዱ ክፍል ሲያስነጥሱ በሌላው ክፍል ይማርህ ይባላል። እታበባ በጠባቧ ክፍሏ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ፣ ዛሬ ከሆስፒታል ለሚመጣው ሕፃን የብርድ ልብስ ጠርዝ እየቀመቀመች ነበር። እግሯ መርገጫው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። «ክፉ ናት አልወጣኝም» አሉ አማቲቱ ቀጥለው። «ደግ ናት። ግን እጇ በረከት የለውም። ትዳሩም አልሆነላት፣ አሁንም ይኸው። ለደላላው ነግሬዋለሁ፤ ማምሻውን አንዲት ጠንካራ ልጅ ይልክልኛል። ጠባቧን ክፍል ለእሷ እንሰጣታለን።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእታበባ ጆሮ ግን ዛሬ ዘመድ ሆነባት። የተባለው ሁሉ አንድም ሳይቀር ገባ። አሁን የምትጠብቀው ወንድሟ የሚመልሰውን ነበር። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ እታበባ ብሎ የሰየማትም፣ ቤቱ ሁሉ በዚሁ እንዲጠራት ያደረገውም እሱ ነው። የሻይ ማንኪያው ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ሰማች። ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ማንኪያው መዞሩን አላቆመም። ከዚያ «እንሂድ፣ ይረፍድብናል» አለ ወንድሟ፤ በሩም ተዘጋ። 

ቅጠል የተባለችው ሳሎን መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ስሟ ጥርሶ ነው፤ ስሙን ያወጣላት የእታበባ ወንድም ነው። ዝንብ በል ተክል ናት። ከእያንዳንዱ ቅጠሏ ጫፍ ላይ እንደ ተከፈተ ቦርሳ ያለ አፍ አላት፤ ከንፈሩ ዙሪያውን እንደ ሽፋሽፍት ያለ ጥርስ ተደርድሮበታል፤ ውስጡ ቀይ ነው። ዝንብ ሲያርፍባት ክድን ትላለች። የወንድሟ ሚስት የገዛቻት፣ ከዚህ በፊት የተፀነሱት ሁለቱ ሳይቆዩላት ቀርተው፣ በሦስተኛው ሐኪሙ ከሶፋ እንዳትነሺ ያላት ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ ጋደም ብላ ጥርሶን ማየት ሥራዋ ነበር። አንድ ጠዋት ድንገት አምቡላንስ ሲመጣ፣ በቃሬዛ ተይዛ ስትወጣ፣ የእታበባን እጅጌ ጨብጣ «ጥርሶን አደራ» አለቻት። ስለ ራሷ አንድም ነገር አላለችም። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል ተኝታ በጠየቋት ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው «ጥርሶስ?» ብላ ነው፤ ባሏ፣ እናቷና እታበባ ሦስቱም በአንድ አፍ «ደህና ናት» ይሏታል። ሐኪሙ የሚያሳስብ ነገር አታሰሟት ብሏል። ስለዚህ ቅጠሏ እየጠቆረ ነውና ምን እናድርግ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እርስ በርሳቸውም አልተጠያየቁም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉ ነበር የእታበባ አባት፤ በዚህ ቤት ውስጥ ዝንብ የሚገባበት አፍ የነበራት ጥርሶ ብቻ ናት።

እሷም እየጠቆረች ነው። መጀመሪያ የከንፈሯ ጠርዝ ነበር የነደደው፤ ካውያ እንደ ቆየበት ነጭ ሸሚዝ ቡናማ ሆነ። ቀጥሎ አፉ ሙሉ ጠቆረና ወደ ጎን ወደቀ፤ ቀጥሎ ሌላው። እታበባ ፀሐይ አነሳት ብላ ወደ መስኮቱ ታስጠጋለች፤ ፀሐይ በዛባት ብላ ወደ ጥላው ትመልሳለች። ጠማት ብላ ውሃ ትጨምራለች፤ ያውም ማንኛውንም ውሃ ሳይሆን አፍልታ ያቀዘቀዘችውን። ባጠጣቻት መጠን ባሰባት። ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ እግሯ ወደ መስኮቱ ለመሄድ ይከብዳት ጀምሮ ነበር፤ ሞታ አገኛት ይሆን ብላ ልቧ እየራደ ነው የምትቀርበው። ዛሬ ደግሞ አደራ የሰጠቻት ትመጣለች። የብርድ ልብሱን ክር በጥርሷ በጠሰችና ተነሳች። የጥርሶን ማሰሮ አገላብጣ አየች፤ ከሥሩ የአበባ መሸጫው ምልክት ተለጥፏል፤ ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለው ነው። ሰዎቹ ወጥተው ሳይመለሱ ደርሳ መመለስ አለባት። ጥርሶን የዳቦ መግዣ ዘንቢል ውስጥ ከታ ወጣች።

አውቶቡሱ ውስጥ ዘንቢሉን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ።

«ምንድን ነው እህቴ? ይበላል?»

«አይ» አለች እታበባ፣ «እሷ ናት የምትበላው።»

ሰውዬው ሳቀ፤ ሲስቅ ግን እጁን ቀስ ብሎ ከዘንቢሉ አራቀ። ሌላ ቀን ቢሆን አብራው ትስቅ ነበር። ዛሬ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ አውቶቡሱ የማይንቀሳቀስ መሰላት። በሐሳቧ ጠባቧን ክፍል እየዞረች ታያለች። አልጋው፣ የስፌት መኪናው፣ ደንበኞች ያመጡት ሱሪና ቀሚስ የተሰቀለበት ገመድ፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ራሷን አውጥታ የማታውቃትን ጠንካራ ልጅ ታስቀምጣለች። የስፌት መኪናው የት ይሄዳል? ማንም ሂጂ አይላትም፤ ይህን ታውቃለች። «ለጊዜው ሳሎን ተኚ» ይባላል፤ ቀጥሎ «የስፌቱ ድምፅ ሕፃኑን ይረብሻል» ይባላል፤ ከዚያ ራሷ ገብቷት ትወጣለች። ሰው ከቤተሰብ የሚወጣው እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይገፋው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የከበዳት የሕፃኑ ነገር ነው። እዚያው እያለች፣ ዓይኗ እያየ፣ እጇን እንዳታሳርፍበት ሊጠብቋት ነው።

የአበባ መሸጫዋ ባለቤት ጉንፋን ይዟታል። መሐረቧን እጅጌዋ ውስጥ ወሽቃ፣ የታማሚ መጠየቂያ አበባ በወረቀት እየጠቀለለች፣ ጥርሶን በጎን ዓይኗ አየቻት።

«ምን አድርገሻት ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ያልተደረገች እንዲህ አትሆንም። ማዳበሪያ ሰጥተሻታል?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ሥጋስ?»

«ሥጋ?» አለች እታበባ ደንግጣ።

«ያበሏታል እኮ። አፍ ያለው ሁሉ የራበው ይመስላችኋል።» ሴትዮዋ አስነጠሰች። «እሷ ከደሀ መሬት የመጣች ናት፤ ሥሯ የሰባ ነገር አይችልም። ዝንብ ካገኘች በራሷ ትይዛለች፤ ካላገኘች ትቆያለች። በጣት እየነካኩ ማጫወትም አለ። አፏን ባዶውን በዘጋች ቁጥር ጉልበቷ ያልቃል፤ ያ አፍ ይጠቁርና ይወድቃል። ውሃውስ?»

እዚህ ላይ እታበባ ቀና አለች። ከሁሉ የምትተማመንበት ይህ ነበር። «የፈላ ነው። አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ። ለሕፃን የሚሆን።»

ሴትዮዋ መቀሷን አስቀመጠች። «ለሕፃን ይሆናል። ለእሷ መርዝ ነው። የቧንቧ ውሃ ብታፈይው ጨውና ኖራው የት ይሄዳል? እዚያው ይቀራል፤ እንዲያውም ይጠናል። ለገዛችኝ ልጅ የዝናብ ውሃ ብቻ ብዬ ነግሬያታለሁ።»

የዝናብ ውሃ።  በረንዳው ላይ ዝናብ ሲጠራቀምበት የነበረው ቢጫ ሳፋ እታበባ ፊት ድቅን አለ። አማቲቱ ለአራስ ቤቱ ሊያግዙ ሻንጣቸውን ይዘው የገቡ ዕለት «ይህ የቆመ ውሃ ምንድን ነው? ሕፃን የሚመጣበት ቤት አይደል እንዴ፣ ትንኝ ልታረቡ ነው?» አሉ፤ እታበባ ደግሞ ሳፋውን አንስታ እስከ መጨረሻው ጠብታ ወደ ቱቦው ደፋችው። በሳሙና ፈትጋ አጠበችው። ዛሬ ሕፃኑ የሚታጠብበት እሱ ነው። በገዛ እጇ ደፍታ፣ በገዛ እጇ መርዝ ስታጠጣት ከረመች። በረከት የለውም ያሉት እጅ ይኸው፤ አማቲቱ ምን ዋሹ?

«እዚያ መደርደሪያ ላይ እኩያዋ አለችልሽ» አለች ባለ አበባዋ ድምፅዋን አለስልሳ። «ስምንት መቶ። ማሰሮውን እቀይርልሻለሁ። ማን ያውቃል? ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርጉት።» እታበባ ስምንት መቶውን በልቧ ወደ ሱሪ ማሳጠር መነዘረችው፤ የሚቻል ነው። አዲሲቱን አንስታ ያዘች። አረንጓዴ ናት፤ አፎቿ ሁሉ ቀይ ናቸው፤ ጥፋት የሚባል ነገር አልነካትም። ይህችን መስኮቱ ሥር ቢያስቀምጧት አማቲቱ እንኳ ዓይናቸውን አሽተው ዝም ይላሉ። በመስታወቱ ውስጥ ቀና ስትል የሆስፒታሉ በር ታየ፤ ወንድሟ የመድኃኒት ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ስልክ እያወራ፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። ታክሲ እየፈለገ ነው። ከአበባዎቹ ጀርባ ጎንበስ አለች። ጎንበስ ስትል ዓይኗ ዘንቢሉ ውስጥ ገባ። ጥቁሮቹን ቅጠሎች በጣቷ ገለጥ አደረገች። ከመሃል፣ ከልቧ ላይ፣ እንደ ተጨበጠ የጨቅላ እጅ ጥርሶቿን ያጣመረች አንዲት ትንሽ አረንጓዴ አፍ ብቅ ብላለች።

«ይቺ በሕይወት አለች» አለች እታበባ።

ባለ አበባዋ አጎንብሳ አየች። «አለች። የዳር ቅጠል ሁልጊዜ ያረጃል፤ መታየት ያለበት መሃሉ ነው። ግን እኔ ዋስ አልሆንም።»

«አደራ በምትክ አይመለስም» አለች እታበባ አዲሲቱን ወደ ቦታዋ እየመለሰች። የገዛችው እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ አንድ ከረጢት ደረቅ የረግረግ ሣር ብቻ ነው። ከበሩ ላይ ዞር ብላ ጥርት ያለውን ሰማይ እያየች «ዝናቡ መቼ ይሆን የሚመጣው?» ስትል፣ «እኔ እግዜር ነኝ?» አለችና ሴትዮዋ እንደገና አስነጠሰች።

ስትመለስ አውቶቡሱ በየፌርማታው እንደ አሮጊት እየተነፈሰ ቆመ። ስልኳ ጠራ፤ ወንድሟ ነበር። «ጨርሰናል፣ መጣን» አለ። ድምፁ ውስጥ የጠዋቱ ማንኪያ እየዞረ መሰላት። «እሺ» አለች፤ ሌላ ነገር ለማለት አፏን ስትከፍት ዘግቶታል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ፣ የተበላሸ ስፌት እንደምትተረትር ቀስ ብላ፣ ጥርሶን ከነሥሯ ከማሰሮዋ አወጣቻት። የመጀመሪያው ነገር ሽታው ነው። ከሥሯ ላይ የጠቆረ የሥጋ ቁራጭ ወጣ፤ ቀጥሎ ሌላ። ወንድሟ ከሥራ ሲመለስ በወረቀት ጠቅልሎ የሚያመጣው ዓይነት ቋሊማ ነው። ከዚያ ከሣሩ መሃል አንድ ግማሹ የሟሟ ቀይ ክኒን። ይህንንም ታውቀዋለች፤ ነፍሰ ጡሯ ስትወስደው የነበረው የደም ማነስ መድኃኒት ነው፤ የተረፈውን አማቲቱ ቦርሳቸው ውስጥ ነው የሚይዙት። ሁለቱንም አንስታ ነጭ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ላይ አኖረቻቸው።  እሷ አንድ ጥፋት ቢኖራት እነሱም አላቸው፤ ጠዋት ግን የተፈረደው በአንድ ሰው ላይ ነው።

ማሰሮዋን ልታጥብ ስታነሳ ጠርዙ ላይ ነጭ እድፍ አየች። በጥፍሯ ፋቀችው፤ ተቀረፈ። ይህን ነጭ ነገር ታውቀዋለች። የውሃ ማፍያው አፍ ላይ አለ። ሌላም ቦታ አይታዋለች፤ የካውያዋ አፍንጫ ላይ። ድሮ፣ ካውያዋ በእንፋሎቱ ይህንኑ ነጭ ነገር የአንድ ሙሽራ ጥቁር ኮት ላይ ተፍቶባት ጉድ ሊሠራት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ካውያውን የቧንቧ ውሃ ነክቶት አያውቅም፤ ከነዳጅ ማደያው ሾፌሮች ለባትሪ የሚገዙትን የተጣራ ውሃ እየገዛች ነው የምታጠጣው። ቀስ ብላ አንገቷን አዞረች። የተጣራው ውሃ ጄሪካን ስፌት መኪናው ሥር፣ እግሯ አጠገብ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት አለ። ኖራ የለው፣ ጨው የለው። ብቻዋን በክፍሏ መሃል ቆማ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መጨረሻው ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ሲል ገታችው። ለብረቱ የተጣራ፣ ነፍስ ላላት የፈላ! አሲድ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ጽሑፉን ደግማ ደጋግማ አነበበች። ሥሯን በዚያው ውሃ አጠበች፤ ፈጽሞ የሞቱትን ቅጠሎች በክር መቀሷ ቆረጠች፤ በአዲሱ ሣር ተከለቻት። ጥርሶ ጥቂት ቅጠል ብቻ የቀራት፣ ፀጉሯን የተላጨች ታማሚ መስላ መስኮቱ ሥር ተመለሰች። እታበባ የሻይ ማስቀመጫውን ሳህን ይዛ አመነታች። ቆሻሻ ውስጥ ልትደፋው ሄደች፤ ተመለሰች። ከሥጋውና ከክኒኑ ጋር ሳሎኑ ጠረጴዛ መሃል አኖረችው። በሩ ተከፈተ።

አራሷ ነጭ ሆና፣ ከስታ፣ ጥቅል ነገር አቅፋ ገባች። እናቷ በክርኗ ይዘዋታል፤ የእታበባ ወንድም ዕቃ ተሸክሟል። ሶፋው ላይ ሳትደገፍ ዓይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ጥርሶ ናት? ምን ሆና ነው?»

 አማቲቱ እታበባን አዩና «እኔማ ገና ድሮ ተናግሬ ነበር» ብለው ጀመሩ፤ ዓይናቸው ሳህኑ ላይ አረፈ፤ አፋቸው ክድን አለ። ወንድሟም አየ፤ ጆሮው ቀላ። እያንዳንዱ የገዛ ራሱን ብቻ ነበር ያወቀው፤ የሌላው የማን እንደሆነ አልገባውም። እታበባ ጠዋት የተባለውን ሁሉ በዚህ ሳህን ልትመልስ ትችል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«የዝናብ ውሃሽን የደፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «የቆመ ውሃ መስሎኝ። ከዚያ የቧንቧ ውሃ እያፈላሁ ሳጠጣት ከረምኩ። ዛሬ ነው ያወቅኩት። መሃሏ ግን ደህና ነው፤ ነይ እይው።»

 ከዚያ ወንድሟ ወለሉን እያየ «ሥጋው የኔ ነው» አለ። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው በገመድ ላይ አንጠልጥሎ የማይፈራ። «ከሥራ ስገባ አበላት ነበር። አፏን ከዘጋች ልጃችን ይተርፋል እል ነበር። አንዳንዴ እንቢ ስትል በጣቴ እነካካታለሁ። እስክትዘጋ።»  ሁሉም ወደ አማቲቱ ዞሩ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ አማቲቱ። «ገርጥታ ነበራ! ለገረጣ የሚሰጠው እሱ አይደለም? ግማሹን ነው የሰጠኋት፤ ደግሞ ከምሳ በኋላ!»

አራሷ ሳቀች። ሆዷን ይዛ «አታስቁኝ፣ ስፌቴ!» እያለች ሳቀች፤ እንባዋ መጣ። በሳቁ ሕፃኑ ነቃና ጮኸ። አማቲቱ «የስኳር ውሃ! ጉሮሮው ደርቋል!» ብለው ወደ ወጥ ቤት ተነሱ፤ ወንድሟ ጉንጩን በጣቱ ይነካካ ጀመር፤ በሌላ እጁ የቤቱን ቁልፍ ያንቃጭልለታል።

«አፍ ያለው ሁሉ የራበው ይመስላችኋል!» አለች እታበባ። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት፤ በዚህ ቤት እንዲህ ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም። «ተዉት እስቲ። ገና መግባቱ ነው።»

ሁሉም እጁን ሰበሰበ። አራሷ ቀና ብላ አየቻት። «ያዢልኝ እታበባ» አለች፣ «ክንዴ ዝሏል።» እታበባ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። ተቀበለችው። ከጠበቀችው ይልቅ ይከብዳል፣ ይሞቃል። አላወዛወዘችውም፣ አላባበለችውም፤ ያዘችው ብቻ። ጩኸቱ ሳሳ። ያን ጊዜ የበሩ ደወል ጮኸ።

ማን እንደሆነ ሦስት ሰው ያውቃል። አማቲቱ አማቻቸውን አዩ። ወንድሟ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳህን አየ። እታበባ ጠዋት በግድግዳው ጀርባ የጠበቀችውን አሁን ፊት ለፊት ቆማ ትጠብቃለች። ደወሉ እንደገና ጮኸ። ወንድሟ ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገው፤ ውጪ የልብስ ፌስታል የያዘች ልጅ ቆማለች።

«ይቅርታ እህቴ፣ አደከምንሽ» አለ። የአውቶቡስ መሳፈሪያሽን ልስጥሽ ብሎ ኪሱን ዳበሰ። «ሰው አለን።»

 አማቲቱ ሳህኑን አንስተው ወጥ ቤት ገቡ፤ ውሃ ሲወርድ ተሰማ። ሕፃኑ አንዱን እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ አየሩን ይፈልጋል፤ ይከፍታል፣ ይዘጋል። እታበባ አመልካች ጣቷን መዳፉ ላይ አኖረችው። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተጠቀለሉና ክድን አሉ። ክንዷ እየደነዘዘ ነው፤ የስፌት መኪናዋ ላይ ያልተጨረሰ ሱሪ ይጠብቃታል። ባዶውን እንዳይዘጋ ብላ፣ ጣቷን አልነቀለችም።